የጭነቱ ባለቤትና ተሸካሚው፦ ለጭሮ ልጅ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ ሰሞኑን ከጓደኞችህ ጋር ስለ ኮሎምቢያዊው የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ስለ ፓብሎ ኤስኮባር ስታወሩ ሰማሁ። ፊልሙን አይታችሁ አውሮፕላኖቹን፣ ሰፊውን እርሻውን፣ በግቢው ያኖራቸውን ጉማሬዎች ትቆጥሩ ነበር። ወሬው ከዚያ ወደ እኛ ሰፈር ዞረ። ልጆችን በሌሊት እያሳፈረ ወደ ባሕር የሚልክ አንድ ደላላ በአጭር ጊዜ ቤት ሠራ፣ መኪና ገዛ ተባለ፤ እሱም እንደ ኮሎምቢያዊው በአድናቆት ተነሳ። እኔን ያሳሰበኝ ይኸኛው ነው። ኮሎምቢያ ሩቅ ናት፤ ደላላው ግን ስልክ ቁጥርህን ያውቃል። ልብህ ቀና እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጆሮህ ግን ችኩል ነው፣ ግማሹን ሰምተህ ትነሳለህ። ዛሬ እስከ መጨረሻው ታገሠኝ።

1. ሀብት ስታይ በማን ትከሻ እንደመጣ ጠይቅ። አንተ ስለ ሀብታም ስትሰማ «ስንት አለው?» ብለህ ትጀምራለህ። እኔ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ሐረር በሚወስደው በዚህ መንገድ ዳር ዕድሜዬን ስጨርስ የለመድኩት ጥያቄ «ማን ተሸከመለት?» የሚል ነው። ኤስኮባር (የእሱን ዘመን ሁሉ የምነግርህ በእ.ኤ.አ. ነው) በ1949 ሪዮኔግሮ በምትባል ከተማ ከገበሬ አባትና ከመምህርት እናት ተወለደ፤ የደኅና ሰዎች ልጅ ነበር። ኮኬይን ወደ አሜሪካ እየላከ ከመበልጸጉ የተነሳ ፎርብስ የተባለው መጽሔት ከ1987 ጀምሮ ከዓለም ቢሊየነሮች ጋር ስሙን ጻፈው። የኮካውን ቅጠል የሚለቅመው ግን የፔሩና የቦሊቪያ ድሃ ገበሬ ነበር። ዕቃውን በሻንጣ ወይም በሆድ ይዞ የሚሻገረው ዕዳ ያለበት ሰው ነበር። ጠላቱን የሚገድልለት ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበር። ከእነዚህ አንዱም ቢሊየነር አልሆነም፤ ከገዳዮቹ ልጆች ብዙዎቹ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። ፊልሙ የባለቤቱን ፊት ያሳይሃል፤ አንተ ግን በዚያ ንግድ ውስጥ ብትገባ የምትቆመው በባለቤቱ ቦታ አይደለም። ይህን ከያዝክልኝ የቀረው ሁሉ ይቀልልሃል።

2. ለድሃ የሰጠ ሁሉ የድሃ ወዳጅ አይምሰልህ። ስለ ኤስኮባር «ለሕዝቡ ቤት ሠርቷል» ስትል ሰምቼሃለሁ። እውነት ነው፤ ሜዴሊን ከተማ ውስጥ በቆሻሻ መጣያ ላይ ይኖሩ ለነበሩ ቤተሰቦች ቤት ሠራ፣ ለሰፈር ልጆች የኳስ ሜዳ ከነመብራቱ አሠራ። በ1982 የምክር ቤት ተለዋጭ አባል ሆኖ ተመረጠ። የፍትሕ ሚኒስትሩ ሮድሪጎ ላራ ቦኒያ ግን የገንዘቡን ምንጭ በአደባባይ ተናገረ፤ ኤል ኤስፔክታዶር የተባለው ጋዜጣም ሰውዬው በ1976 በኮኬይን ተይዞ እንደነበር አስታወሰ። ሚኒስትሩ በሚያዝያ 1984 በሞተር ሳይክል በመጡ ወጣቶች ጥይት ተገደለ። የጋዜጣው አዘጋጅ ጊዬርሞ ካኖ በ1986 ተከተለው። ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር የነበረው ሉዊስ ካርሎስ ጋላን በ1989 በምርጫ ስብሰባ መድረክ ላይ ተመታ።

እዚህ ላይ ቆም በልልኝ። እነዚያ ሞተር ሳይክል የሚነዱት፣ ሽጉጥ የሚይዙት ልጆች ከየት መጡ? ቤትና የኳስ ሜዳ ከተሰጣቸው ከእነዚያው የድሃ ሰፈሮች ነው የመጡት። አባትየው ቤት ሲቀበል ልጁን አብሮ እየሰጠ እንደሆነ አላወቀም። በ1991 በሜዴሊን ብቻ ከ6,000 በላይ ሰው ተገደለ፤ አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው። የስጦታው ዋጋ ይህ ነበር፤ የተከፈለውም በተቀባዮቹ ልጆች ነው። በእኛም ከተማ ለአረፋ በግ የሚያድል፣ ለመስቀል በሬ የሚጥል፣ ለዕድር ድንኳን የሚገዛ፣ በሠርግ ላይ ብር የሚበትን እጀ ሰፊ ሰው ሲመጣ ወዲያው አባ ዕገሌ እያላችሁ አታንግሡት። ሽማግሌዎችም አንዳንዴ እንሳሳታለን፤ የተሰጠውን ተቀብለን ከየት አመጣኸው ማለትን እንደ ነውር እንቆጥራለን። አንተ ወጣት ነህ፤ ብትጠይቅ ማንም አይቀየምህም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ያሉት አባቶች ያለ ነገር አልነበረም።

3. «ትንሽ ናት» ተብሎ የተሰጠህን ሥራ መጨረሻውን ሳታይ አትጀምር። ኤስኮባር በኮኬይን አልጀመረም፤ ከዚያ በፊት በኮንትሮባንድ ሲጋራ ንግድ ውስጥ ነበር። መንገዱን፣ የኬላውን ሰው፣ የጉቦውን ዋጋ የተማረው በዚያ ነው። የኛ አገር መንገድ ደግሞ ለዚህ ፈተና የተጋለጠ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በቦርደዴና በሚኤሶ አድርጎ ወደ ጭሮ ይወጣል፤ ሂርናን አልፎ በቁልቢ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ይወርዳል፤ ከድሬዳዋ ጅቡቲ ቅርብ ናት። በዚህ መንገድ የሐረር ቡና ያልፋል፣ ጫት ያልፋል፣ ሰንጋ ያልፋል። ልባሽ ጨርቅና ኤሌክትሮኒክስም በሌሊት ያልፋል፤ ሰውም በሌሊት ያልፋል። ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየነው የተፈቀደውና ያልተፈቀደው በዓይናችን ተቀላቅሏል።

ጥያቄው ወደ አንተ የሚመጣው እንዲህ ነው፦ «ባጃጅ አለህ አይደል? እነዚህን ሦስት ልጆች እስከ አስፋልቱ አድርስልኝ፤ ለነዳጅ ይኸው።» በሌላ ቀን፦ «ዛሬ ቤትህ ይደሩ፤ ነገ መኪና ይመጣል።» ከዚያ፦ «በዴሳና ገለምሶ ዘመድ አለህ፤ መሄድ የሚፈልጉ ካሉ ንገረኝ፤ በሰው ይህን ያህል አስብልሃለሁ።» በዚህ ጊዜ መልማይ ሆነሃል። ማንም ወንጀለኛ ሁን ብሎ አልጠየቀህም፤ አንተም አዎ ያልክበትን ቀን ብትፈልግ አታገኘውም። ሕጉ ግን ያገኘዋል። በሰው የመነገድንና ድንበር የማሻገርን ወንጀል የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚቀጣው የጀልባውን ባለቤት ብቻ አይደለም፤ የመለመለውን፣ ያጓጓዘውን፣ ያስጠለለውን ሁሉ ነው። የጀልባው ባለቤት ባሕር ማዶ ነው፤ አንተ የምትገኘው ቀበሌህ ውስጥ ነው።

ለምን አንተን እንደሚፈልጉህ ታውቃለህ? ባጃጅ ስላለህ አይደለም፤ ባጃጅ ሞልቷል። የመንደሩ እናቶች ስለሚያምኑህ ነው። የማታውቀው ሰው ከበር ላይ ቆሞ «ልጅሽን ስጪኝ» ቢላት በዱላ ታባርረዋለች። አንተን ግን «የእነ ዕገሌ ልጅ» ብላ ቡና ታፈላልሃለች። አባትህ በዚህ ከተማ ስንት ዘመን በታማኝነት ኖሮ ያቆየልህን ስም ነው በጥቂት ብር የሚገዙት። ስምህ ሲያልቅ ሌላ ልጅ ይፈልጋሉ።

4. የበደልከው ሰው ፊትህን እንደማይረሳ እወቅ። ኪዳኔ ዘካርያስ ሀብተማርያም የተባለውን ሰው ታሪክ ደግሞ ስማ፤ ከኤስኮባር ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ይህ ነው። ኤርትራዊ ነው። ሊቢያ ውስጥ ባኒ ዋሊድ በምትባል ስፍራ የኢትዮጵያን፣ የኤርትራንና የሶማሊያን ልጆች በመጋዘን አጉሮ ይይዝ ነበር። ወደ አውሮፓ አሻግራችኋለሁ የተባሉት በረሃውን ካቋረጡ በኋላ ዋጋው ይቀየርባቸዋል። ከዚያ ስልክ ወደ ቤተሰብ ይደወላል፤ ልጁ እየተደበደበ፣ እናት ጩኸቱን እየሰማች ገንዘብ ላኪ ትባላለች። እዚያ ሴቶች ተደፍረዋል፣ ሰዎች በረሃብና በድብደባ ሞተዋል። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በእጁ እንዳለፉ ፖሊሶች ይናገራሉ።

ይህ ሰው በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ማንኛውም ሰው ይመላለስ ነበር። ከዱሮ እስረኞቹ አንዱ መንገድ ላይ አየው፤ አወቀው፤ ለፖሊስ አመለከተ። ሚስጥረኛ ሰላይ አላስያዘውም፤ ያሠቃየው ልጅ ዓይን ነው ያስያዘው። ተከሰሰ፤ የተጎዱት ቀርበው መሰከሩ። በ2013 ዓ.ም. ችሎት በቀረበበት ቀን ከፍርድ ቤት ግቢ አመለጠ። ብዙ ሰው ያን ጊዜ «ገንዘብ ያለው ሁሉን ያልፋል» አለ። ፍርድ ቤቱ ግን በሌለበት ዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት፤ ኢንተርፖል ስሙን በየአገሩ በተነ፤ ኔዘርላንድስም በዋና ተፈላጊዎቿ ዝርዝር አስገባችው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ፖሊስ መሪነት ሱዳን ውስጥ ተያዘ። በዚያው ሥራ የነበረው ተወልደ ጎይቶም፣ በቅጽል ስሙ ዋሊድ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ተይዞ በ2013 ዓ.ም. 18 ዓመት ተፈረደበት፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጠ።

እነሱ የነበሩት በሚሊዮኖች ሕዝብ መካከል ነው፤ ሆኖም አልተደበቁም። አንተ የምትኖረው ጭሮ ነው። ያሳፈርከው ልጅ ባይመለስ እናቱን ቅዳሜ ገበያ ላይ ታገኛታለህ፤ በለቅሶ ድንኳን ከፊትህ ትቀመጣለች፤ ልጅህን ስትድር ከታላላቆች መካከል ትኖራለች። እኔ ለዕርቅ ተቀምጬ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ አይቻለሁ። የደም ካሣ የሚከፈልበት ሥርዓት አለን፤ የተገደለ ሰው ሬሳው አለ፣ ገዳዩም ይታወቃል። ባሕር የበላው ልጅ ግን ሬሳ የለውም፤ እናቱ አላለቀሰችለትም፣ ተስፋም አልቆረጠችም። ለእንዲህ ያለችዋ ሴት ምን ካሣ እንቆርጣለን? እስከ ዛሬ ሽማግሌዎቹ መልስ አላገኘንለትም።

5. ያልከፈትከውን ሻንጣ አትሸከም። ኅዳር 1989 አቪያንካ የተባለው የኮሎምቢያ አየር መንገድ አውሮፕላን በአየር ላይ ፈነዳ። ኤስኮባር ሊያስገድል የፈለገው የፕሬዚዳንት ዕጩውን ሴሳር ጋቪሪያን ነበር፤ እሱ አልተሳፈረም። አውሮፕላኑ ላይ የነበሩት 107 ሰዎችና ምድር ላይ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ቦምቡን ይዞ የገባው ወጣት ድምፅ መቅጃ ነው ተብሎ እንደተሰጠው፣ ቁልፉን ሲጫን እሱም አብሮ እንደሚሞት እንዳላወቀ የኤስኮባር የራሱ ሰዎች በኋላ ተናግረዋል። ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የእኛ ልጆች ይታዩኛል።

ምክንያቱም ነገሩ ወደ እኛ መጥቷል። ሐምሌ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በአንድ ቀን ስምንት ሰዎችን በሞት ቀጣች። ከእነዚያ አራቱ ሶማሌዎች፣ ሦስቱ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ጥፋታቸው በናጅራን በኩል ሐሺሽ አስገብተዋል የሚል ነው። ናጅራን የየመን ድንበር ነው፤ ከእኛ አገር ተነስተው በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል ባሕሩን የሚሻገሩ ልጆች የሚወጡት ወደዚያ ድንበር ነው። ተራራውን ለመሻገር ገንዘብ ያለቀበት ልጅ «ይህን ከተሸከምክ በነፃ ታልፋለህ» ይባላል። የዕቃው ባለቤት ማን እንደሆነ ስሙን የሰማ አለ? አልሰማንም። የሞቱት ተሸካሚዎቹ ናቸው። ሳዑዲ በአደንዛዥ ዕፅ የሞት ቅጣትን ለሦስት ዓመት ያህል አቁማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ግን እንደገና ጀምራለች። ደላላው ይህን አይነግርህም።

ስለ ጫትም አንድ ነገር ልጨምር፤ ጫት የእኛ ኑሮ ስለሆነ ቸል የምትልበት ጉዳይ ነው። በዴሳና ገለምሶ ላይ በግልጽ የሚነገድ፣ ቀረጥ የሚከፈልበት፣ ብዙ ቤተሰብ የሚያድርበት ንግድ ነው፤ በዚህ የሚሠራን ሰው ወንጀለኛ የሚለውን አልቀበልም። ነገር ግን እዚህ በጠራራ ፀሐይ የምትጭነው ቅጠል ድንበር ካለፈ ወንጀል የሚሆንበት አገር ብዙ ነው። ሳዑዲ አትፈቅደውም። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2013፣ እንግሊዝ በ2014 ከልክለውታል። ዘመድ ነኝ ያለ ሰው ቦሌ ላይ «ሻይ ቅጠል ነው፣ ለወንድሜ አድርስልኝ» ብሎ የሚሰጥህን ፌስታል እንቢ በል። ቢቀየምህ ይቀየምህ።

6. «አሁን ሂድ፣ በኋላ ትከፍላለህ» የሚልህን ሰው አትመነው። ዱሮ መንገደኛ ቢያንስ ላም ሸጦ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጥቶ ነበር የሚነሳው፤ ለማሰብ ጊዜ ነበረው፤ እናትና አባትም ያውቃሉ። አሁን አንድ ብር ሳይከፍል ማታ ከትምህርት ቤት እንደወጣ ይሄዳል። ዕዳው የሚጠየቀው መንገድ ላይ ነው። የመን ውስጥ ራስ አል-ዓራ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ከጀልባ የወረዱትን ልጆች የሚጠብቁ አጋቾች አሉ፤ ግቢ ውስጥ አስገብተው እያሠቃዩ ቤተሰብ ያስደውላሉ። ከባኒ ዋሊዱ ሥራ የሚለየው በቦታው ብቻ ነው። ስልኩ የሚመጣው በሌሊት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አውቀዋለሁ፤ መስጊዱ ይለምናል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ይለምናል፣ ዕድሩ ያዋጣል፣ እናት የቀራትን መሬት ታስይዛለች። ከተከፈለ በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ስልክ ይመጣል፤ አንዴ የከፈለ ቤት መክፈል እንደሚችል አሳይቷልና። ባሕሩም አለ። እነዚያ ሰዎች ናጅራን ላይ በተቀጡ ማግስት፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያውያንን የጫነች ጀልባ በየመን አብያን ግዛት አጠገብ ሰጥማ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በፊት በ2016 ዓ.ም. ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ በጅቡቲ ዳርቻ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ብዙ ወገኖቻችን አልቀዋል። ጀልባዋ ስትሰጥም ገንዘቡ የደላላው ኪስ ገብቷል፤ ስለዚህ ለእሱ ኪሣራ የለም። ዋጋውን አስቀድሞ የማይነግርህ ሰው ዋጋው አንተ ራስህ ነህ ማለት ነው።

7. ያመለጠን ሰው ነፃ ወጣ አትበል። ኤስኮባር በ1991 ላ ካቴድራል በተባለ፣ ራሱ ባሠራው እስር ቤት ለመቀመጥ እጁን ሰጠ። በዚያ ሆኖም ንግዱን ይመራ፣ ሰው ያስገድል ነበር። በሐምሌ 1992 ወደ ሌላ እስር ቤት ሊያዛውሩት ሲሉ አመለጠ። የቀረው ዕድሜ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ነበር፤ ከቤት ቤት እየቀየረ፣ ተደብቆ ኖረው። የንግዱ ዋና አጋር የነበረው የአጎቱ ልጅ ጉስታቮ ጋቪሪያ አስቀድሞ በ1990 ተገድሏል። ቤተሰቡ ወደ ጀርመን ሄዶ ቢለምን ከአየር ማረፊያ መለሱት። በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ያለው ሰው ለሚስቱና ለልጆቹ አንድ አገር መግዛት አልቻለም። ታኅሣሥ 2 ቀን 1993፣ 44 ዓመት በሞላው ማግስት፣ ከልጁ ጋር በስልክ ሲነጋገር ያለበት ቤት ታወቀ፤ በጣሪያ ላይ ሊሸሽ ሲል በጥይት ወደቀ። ልጁ ስሙን ቀይሮ አርጀንቲና ገባ፤ በሰላም ለመኖር የአባቱን ስም መጣል ነበረበት። በኋላም አባቱ አባቶቻቸውን ያስገደለባቸውን የላራ ቦኒያንና የጋላንን ልጆች ፈልጎ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ሁሉ ታሪክ እኔ የማከብረው ይህን ልጅ ነው።

8. ድህነትህን አትናቅ፤ አትሸፋፍነው። «ሥራ የለም» ስትለኝ ሰነፍ ነህ አልልህም። የጨርጨር ደጋ መሬት በወንድማማች ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ ከበር ደጃፍ የማያልፍ ሆኗል። ዝናብ ይቀራል፤ ማሽላው ሳያፈራ ይደርቃል። ከኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዞ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አውቃለሁ። ደላላው የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው፤ ችግሩ እውነት ስለሆነ ውሸቱ እውነት ይመስላል። መሄድ ኃጢአት ነው ብዬም አላስፈራራህም፤ ሰው ከጥንት ጀምሮ እንጀራ ፍለጋ ተጉዟል። ከሄድክ ግን ፓስፖርት አውጥተህ፣ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በሚያውቀው መንገድ፣ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ፣ ውሉን አስነብበህ፣ በቀን ሂድ። ይዘገያል። ወረፋ አለው፣ ሥልጠና አለው፣ ያስመርራል። ከቀረህ ደግሞ ሁለት ሰንጋ አድልበው በመሸጥ የጀመሩ፣ ቡናቸውን አጥበውና አድርቀው በተሻለ ዋጋ የሸጡ፣ ከጫቱ ጎን ሽንኩርት በመስኖ የተከሉ ጎረቤቶች አሉህ፤ ሄደህ አንዱን «ስንት ዓመት ፈጀብህ?» ብለህ ጠይቀው። የሚነግርህ ቁጥር አያስደስትህም፤ ሆኖም እውነተኛ ቁጥር ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ባሕር ላይ የፈሰሰውን ግን የሚለቅም የለም።

9. እጅህን አስገብተህ ከሆነ ዛሬውኑ አውጣ። ምናልባት ይህን የምታነበው አንድ ሁለት ጊዜ ሰው አድርሰህ፣ ብሩንም ተቀብለህ ሊሆን ይችላል። አፍረህ አትደበቅ። እነዚያ ሰዎች ልጅን አስረው የሚያስቀሩት በኀፍረቱ ነው፤ «አንተም እኮ አለህበት» ይሉታል፣ እሱም ዝም ይላል፣ ዝም ባለ ቁጥር ይበልጥ ይገባል። ለአባትህ ንገር። አባትህን ከፈራህ ወደ እኔ ና፤ አልጮህብህም። አብረን ወደ ሕግ እንሄዳለን፤ አስቀድሞ የተናገረና ተይዞ የተናገረ በሕግም በሽማግሌም ፊት እኩል አይታይም። የምታውቀው ልጅ ለመሄድ ቀን ቆርጦ ከሆነም እናቱ ሳትሰማ እንዳይሄድ አድርግ። ከጓደኛህ ጋር ብትጣላ ይሻላል፤ ጠብ ይታረቃል።

የዚያ ደላላ ቁጥር ስልክህ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። የፊታችን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ስልኩን ይዘህ ና፤ የላከልህን መልእክት አብረን እናነባለን፤ ከዚያ ምን እንደምንል አብረን እንወስናለን። እስከዚያ ድረስ ማንንም አታሳፍርለት።